ነፋሱን ስደፍን

ፀዳ ያለው የእናቴ ቤት ጣሪያ ሌሊት ሌሊት ያንጠባጥብ ነበር። በክረምት ቢሆን ማንንም አይገርምም፤ የእኛ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ደመና በማይታይበት ሌሊት። ልጅ ሆኜ መደቡ ላይ ተኝቼ ግንባሬ ላይ ጠብ ሲል ቆርቆሮው የተበሳ ይመስለኝ ነበር። ወንድም ጋሼ አንድ ቀን ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቀዳዳ ሲፈልግ ዋለ። ምንም አላገኘም። እናቴ ከታች ሆና «ውረድ እባክህ፤ ቆርቆሮም እንደ ሰው ያልበዋል» አለችው። ሃያ ዓመት ያህል በዚህ መልስ ኖርን።

የምጽፈው ስለዚያ ላብ ነው። ላቡን ለማድረቅ ስለሠራሁት ሥራ፣ ሥራውም አንድ ሌሊት ሊያስከፍለኝ ስለነበረው ነገር።

ፀዳን የማታውቁ፣ ከጎንደር ወጥታችሁ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ አዘዞን እንዳለፋችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ብዙ ሰው በመኪና መስኮት አይቶ ያልፋታል። እንደ ደባርቅና ዳባት ውርጭ የሚጋገርባት አገር አይደለችም፤ እነሱ ደጋ ናቸው፣ ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር አታንስም። ፀዳ ቀን ፀሐይዋ ደህና ናት። ችግሩ ሌሊቱ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላ የበቃው ሰው፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ጋቢ ደርቦም ጉልበቱን አገጩ ስር ይሸጉጣል።

የጣሪያው ቆርቆሮ የአባቴ ነው። «የአባቴ» ስል በእጁ ያለበሰው ማለቴ ነው። ቤቱ መጀመሪያ ሳር ክዳን ነበር። አባቴ ከአዘዞ ወደ መተማ በሚገነጠለው መንገድ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ሰሊጥ አጨዳ ወረደ። በሁለተኛው ዓመት ወባ ይዞት፣ ግን ደግሞ ገንዘብ ይዞ ተመለሰ። በ1990 ዓ.ም. ሳሩ ተገፎ ቆርቆሮ ለበሰ። እኔ ያኔ ሁለት ዓመቴ ስለነበር የማውቀው በወሬ ነው፤ እናቴ ግን የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሲመታ የተሰማውን የመዶሻ ድምፅ ሳይቀር ታወራዋለች። በሠፈሩ ቆርቆሮ የለበሱት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አባቴ ካረፈ በኋላ ያ ጣሪያ ለእርሷ ጣሪያ ብቻ አልሆነም።

ስለዚህ ይህን ቤት የሚያቀዘቅዘው ቆርቆሮው ነው ብዬ መናገር ቀላል አልነበረም። እውነቱ ግን እሱ ነው። ሳር ክዳን ክንድ የሚጠጋ ውፍረት አለው፤ በሳሩ መካከል ደግሞ የማይንቀሳቀስ አየር ተይዟል። ሙቀት የሚያቆየው ያ የታሰረ አየር ነው፤ ጋቢም የሚያሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ቆርቆሮ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ብረት በመሆኑም ሙቀትን ከሳር በመቶዎች እጥፍ ያሳልፋል። በዚያ ላይ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ከውስጥ የእኛ ትንፋሽና የጀበናው እንፋሎት ሄዶ ይነካዋል፤ ነክቶም ውኃ ይሆናል። የቆርቆሮው ላብ የገዛ ትንፋሻችን ነበር።

* * *

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እናቴ ሳል ጀመራት። ሳሉ ሄድ መለስ ይላል፤ ጉልበቷ ግን ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ አለ። እኔ ጎንደር ከተማ ተከራይቼ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣሁ አድራለሁ። ወንድም ጋሼ እዚያው ፀዳ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ነው የሚኖረው። ለቤተሰብ ስብሰባ ተቀመጥን። ወንድም ጋሼ ሐሳቡን ጨርሶ ነው የመጣው።

«ይፍረስ። ጭቃ ቤት መጠገን ወንፊት በውኃ መሙላት ነው። ትንሽ ትንሽ እየቆጠብን ብሎኬት እንሥራ።»

እናቴ ዝም አለች። ዝም ስትል ቡና ነው የምትቆላው።

እኔ ያኔ ስለ ቤት የማውቀው ትንሽ ነው፤ ግን በብሎኬት ቤት ተከራይቼ ስለምኖር አንድ ነገር አውቃለሁ፤ እዚያም ይበርደኛል። ብሎኬት ያምራል፣ አይፈርስም፣ አይጥም አይቆፍረውም። ሙቀት በመያዝ ግን ጭድ በደንብ ከገባበት ጭቃ አይበልጥም። ከላይ የሚከደነው ደግሞ ያው ቆርቆሮ ነው። ሲሚንቶና ብረቱን ገዝተን፣ ዕዳ ገብተን፣ መጨረሻ ላይ እናቴ በተወደደ ቤት ውስጥ ልትንቀጠቀጥ ነው።

ሚኒሶታ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። እዚያ ብርዱ ሲበረታ ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ይደርሳል። ደወልኩላት። እሷ በ1950ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ የእንጨት ቤት ገዝታ ነበርና፣ የማሞቂያ ሂሳቡ አስደንግጧት ባለሙያ ጠርታለች። የነገረችኝ ሳቅም አስቀናኝም። ሰዎቹ መጥተው በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጠሙ፤ አየሩን ወደ ውጭ እየሳቡ ነፋስ በየት በየት እንደሚገባ በጭስ ፈለጉ። ከዚያ ቀዳዳውን ደፈኑ፤ ጣሪያው ውስጥ እንደ ጥጥ ያለ ነገር ነፉበት።

«ከላይ ጀምሪ» አለችኝ። «ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ጣሪያ፣ ከዚያ ቀዳዳ፣ ከዚያ ግድግዳ። መስኮት መጨረሻ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን መስኮት ቀይሮ ይጀምራል፣ ስለሚታይ።»

ይህን ስልኬ ላይ ጻፍኩት። የግድግዳ ቴርሞሜትርም ገዛሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቼ አየሁት፤ ውጭ 9 ዲግሪ፣ እናቴ የተኛችበት ክፍል 11። ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ በር፣ የአባቴ የሁለት ዓመት ድካም፣ ያ ሁሉ ተደምሮ የሚሰጣት ሁለት ዲግሪ ነበር።

* * *

አናጺው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንበላቸው። ከአባቴ ጋር ቆርቆሮውን የመቱት እሳቸው ናቸው። ሐሳቤን ስነግራቸው ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ኮርኒስ መስሏቸው «ይሄማ ቀላል ነው» አሉ። ከኮርኒሱ በላይ ጭድ ይሞላ ስላቸው ግን ቆም አሉ።

«አይጥ ልትቀልቢ ነው?»

ልክ ናቸው። ደረቅ ጭድ ለአይጥ ሆቴል ነው፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ደግሞ በዚያው ያልፋል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ሁለት ቀን አሰቡና መፍትሔውን ራሳቸው አመጡት። ጭዱ በቀጭን ጭቃ ይነከር፣ እንደ ሊጥ ሳይሆን እንደ ሾርባ በቀጠነ ጭቃ፤ ጭዱን ያልብሰው እንጂ አይሙላው። ሲደርቅ ቀላል ሆኖ ይቀራል፣ አየሩም በውስጡ ይኖራል፣ አይጥ አይወደውም፣ እሳትም ቶሎ አይዘውም። በኋላ እንዳነበብኩት ጀርመኖች ይህንኑ ዘዴ የራሳቸው ስም አውጥተውለት ይሠሩበታል። ጋሼ የጀርመኖቹን አልሰሙም። ቀጫጭን ባሕር ዛፍ ከወራጁ ስር አጋድመው፣ በላዩ ሸምበቆ ረበረቡና አንድ ስንዝር ያህል ጭድ ጫኑበት።

ግድግዳውን የመራችው እናቴ ናት። እኔ «እንለስነው፣ በሲሚንቶ» ብዬ ነበር፤ እሷ ሳቀችብኝ። ሲሚንቶ ጭቃ ላይ አይጣበቅም፤ ለጊዜው ያምራል፣ ኋላ ከውስጥ እርጥበት ይይዝና በሰፌድ በሰፌድ ይረግፋል። ጭቃው ሦስት ቀን ተቦክቶ ተተወ። ጎረቤት በደቦ መጥቶ ሊጀምር ሲል እናቴ ጣቷን ነክራ አሸተተችና «ገና አልበሰለም» አለች። ሰው ሁሉ ቡናውን ጠጥቶ ተመለሰ። በአምስተኛው ቀን ፈቀደች። ለመጀመሪያው ምርጊት የስንዴ ጭድ፣ ለማጠናቀቂያው የደቀቀ የጤፍ ጭድ፣ በመጨረሻ እንዳይሰነጠቅ እበት። ይህን ሁሉ ከየት እንደተማረችው ስጠይቃት ጥያቄው ራሱ አልገባትም።

ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ነው፤ እሱ አሁንም ሳር ክዳን ነው። እዚያ ሦስቱን ጉልቻ አንሥተን ምርጥ ምድጃ አስገባን። ምርጥ ምድጃን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፈው ነው። በ1980ዎቹ በእኛ አቆጣጠር አገር ውስጥ የተፈለሰፈ ነው። ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በአገራችን ቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንጀራ መጋገር ነውና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እናቴ የመጀመሪያውን ቀን ጋግራ ወጥታ ዓይኗን እየነካካች «አላለቀስኩም እኮ» አለች።

የቀረው ቀዳዳው ነበር። በር ስር ያለውን በጨርቅ፣ የመስኮቱን መቃን በጭቃ ደፈንን። ትልቁ ግን ላይ ነው፤ የግድግዳው ጫፍ ቆርቆሮው ጋ ከመድረሱ በፊት ዙሪያውን እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበረ። ነፋሱ በዚያ ነው የሚመላለሰው። ይደፈን አልኩ።

ጋሼ መሰላሉ ላይ እንዳሉ ዞር ብለው አዩኝ። «ይሄ ለምን ክፍት ተተወ ብለሽ ታስቢያለሽ?»

«ያኔ አላሰቡበትም ይሆናል» አልኳቸው።

እሳቸው ናቸው የሠሩት። እኔ በዚያ ደቂቃ አላስታወስኩትም። ምንም አልመለሱልኝም፤ ጭቃውን አንሥተው ደፈኑት።

* * *

ኅዳር መጨረሻ ላይ ቴርሞሜትሩ ውጭ 8፣ ውስጥ 15 አሳየኝ። ጣሪያው ማንጠባጠብ አቆመ። እናቴ ሁለተኛውን ጋቢ አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ የሚል ፎቶ አንሥቼ ለጠፍኩ፤ ሰው በመቶዎች ወደደልኝ። ሚኒሶታ ያለችውም ልብ ላከችልኝ። ወንድም ጋሼ እንኳ ልጁን «እማማ ጋ ደህና ይሞቃል» ብሎ እዚያው እንድታድር ፈቀደ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ምልክቶች ነበሩ። አሁን ስቆጥራቸው ብዙ ናቸው። የአንዱ ክፍል ጥግ ጠቆር ማለት ጀመረ። እናቴ አንድ ቅዳሜ «ቤቱ አየር አጠረው መሰል» ብላ ነበር። ልጅቷ ሁለት ጠዋት ራሴን አመመኝ ብላለች፤ ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው ብለን ሳቅን።

ከጥምቀት በኋላ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ምን እንደሚያመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጎረቤታችን ናት። «አትደንግጪ፤ ሁለቱም አሉ» አለችኝ። መጀመሪያ ይህን ማለቷን እስካሁን አመሰግናታለሁ።

የሆነው ይህ ነው። ማታ መብራት ጠፋ። እናቴ ቡና አፈላች፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ፍሙ ገና ደህና ነበርና ሳይባክን ምድጃውን አንሥታ መኝታ ክፍል አስገባችው። አዲስ ነገር አላደረገችም። እኔና ወንድሜ ያደግነው በዚያ ፍም ዳር ነው። በሩን ዘጋች፤ ተኙ።

ሌሊት ልጅቷ ሊያስመልሳት ነቃች። መቆም አቃታት፤ በእንብርክኳ ወደ በሩ ሄደች። እናቴን ጠራቻት፤ እናቴ አልመለሰችም። መቀርቀሪያውን ሳበችና ደጃፉ ላይ ወደቀች። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሰው ወጣ። እናቴን በጋቢዋ ይዘው ግቢው ውስጥ አወጧት። አንዱ ወተት አምጡ አለ፤ ሌላው ሎሚ። አንድ አስተዋይ ሰው «ልቀቋት፣ አየር ታግኝ» ብሎ ሰዉን ገፋ። በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው፤ ኦክስጅን ተሰጣቸው። እኔ ስደርስ ነግቷል። እናቴ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «ሥራ የለሽም?» አለችኝ።

* * *

ከሰል ጭሱ ካለቀለት በኋላ ሰላማዊ ይመስላል። ቀይ ነው፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ግን አየር አጥሮት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ጉልበት መክዳት፤ የሚያልቀው በእንቅልፍ ነው። በየዓመቱ በብርድና በዝናብ ወራት «ከሰል አፍኗቸው» የሚለውን ዜና የማንሰማበት ጊዜ የለም። እሰማው ነበር። የሌላ ሰው ዜና ነበር።

ያ ከግድግዳው ጫፍ ላይ የነበረው ክፍተት ለዚህ ነው ክፍት የተተወው። አባቴና ጋሼ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ አያውቁም፤ እሳት ያለበት ቤት መተንፈሻ እንደሚፈልግ ግን ያውቃሉ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ብርዱን ያስገባው ቀዳዳ፣ ያንኑ ያህል ጊዜ ሞትን ሲያስወጣ ኖሯል። እኔ ብርዱን ብቻ ነው ያየሁት።

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። አለቀሰች፤ ከዚያ ተናደደች።

«ቀዳዳ ከመድፈናቸው በፊት መጀመሪያ የፈተሹት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የማሞቂያውን የጭስ መውጫ። ግድግዳዬ ላይም የጋዝ ማንቂያ አለ፤ እዚህ ሕግ ነው።»

«ይሄንን አልነገርሽኝም።»

«አንቺስ እሳት ይዘው እንደሚተኙ መች ነገርሽኝ?»

ሁለታችንም ልክ ነበርን። እሷ ከአገር ስትወጣ ልጅ ነበረች፤ የከሰሉን ምድጃ ረስታዋለች። እኔ ደግሞ ፍሙ ከቤቱ ጋር አብሮ ያለ ነገር ስለነበር ልነግራት አልታየኝም።

ወንድም ጋሼ ለሁለት ሳምንት አላናገረኝም። ልጁ ናት፤ አልፈርድበትም። ሲያናግረኝ ያለው አንድ ነገር ነው፤ «ፎቶውን አጥፊው»። አጠፋሁት።

* * *

ቤቱን ግን አላፈረስነውም። ይህን የወሰነችው እናቴ ናት። ወንድም ጋሼ እንደገና ብሎኬት ሲል «ከሰሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ቤቱ ምን አጠፋ?» አለችው። ይህን ስትል እኔን አላየችኝም። ያላየችኝ ሆን ብላ ነው።

ጋሼ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አንቱ ጠይቀውኝ ነበር፤ አልሰማሁም» አልኳቸው። «እኔም ዝም ማለት አልነበረብኝም» አሉ። «የተማረ ሰው ሲናገር ዝም ማለት ለመደብን።» ይህቺ አባባል ከሁሉም ይልቅ ትከብደኛለች። በማግስቱ መጥተው በእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ቀዳዳ ከፈቱ፤ አንዱ ታች ከወለሉ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ሌላው በተቃራኒው ግድግዳ ከኮርኒሱ ስር። ቀዝቃዛው በታች ይገባል፣ የሞቀውና የተበላሸው በላይ ይወጣል። አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ መቱበት። ድሮ ነፋሱ እንዳሻው ነበር የሚገባው፤ አሁን በር ተሠራለት።

ቴርሞሜትሩ ከ15 ወደ 13 ወረደ። የጠቆረው ጥግ ደረቀ። እናቴ ሁለተኛውን ጋቢ ከሳጥን አወጣች።

ቀዳዳው ግን ለትንፋሽ እንጂ ለከሰል ፈቃድ አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምለው ለራሴም ነው። ቀዳዳ አለ ተብሎ ፍም ይዞ አይተኛም። የቤቱ ሕግ አሁን አንድ ነው፤ ቡናው ካለቀ ምድጃው ደጅ ይወጣል፣ እንግዳ ቢኖርም፣ ዝናብ ቢሆንም። በምትኩ እናቴ ማታ ላይ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውኃ ትሞላና በጨርቅ ጠቅልላ ብርድ ልብሱ ውስጥ ትከታለች። ልጅቷ እግሯን እሱ ላይ ትጭናለች። የአክስቴ ልጅም ሰው ሲመጣ አንዲት ማንቂያ ላከችልን፤ ባትሪ የምትበላ፣ የመዳፍ ያህል ነገር። እናቴ «ዘበኛው» ትለዋለች።

ማድ ቤቱም የራሱን ትምህርት አመጣ። ምርጥ ምድጃ ከገባ ወዲህ ጭሱ ቀነሰ፤ ጭሱ ሲቀንስ ሳር ክዳኑንና እንጨቱን ተባይ ጀመረው። ለካ ያ ዓይን የሚያጠፋ ጭስ ምስጡንና ነቀዙን ሲያባርር ኖሯል። እናቴ ጭሱ ይመለስ አላለችም። ሳሩን በየጊዜው መፈተሽና ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው የቀረን፤ ሳር ደግሞ እንደ ድሮው አይገኝም። ያረጀ ቤት ውስጥ አንዱን ነገር ስትነኩ ሌላው ምን ሲሠራ እንደኖረ ይነግራችኋል። ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ ከእናቴ ጋር ሆነን በቴሌቪዥን አየነው። 5,150 ሜጋ ዋት። ወንድም ጋሼ «በቃ፣ ከሰል ሊቀር ነው» አለ። ይቅር፤ እኔም እመኛለሁ። ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ ማሞቂያም ቢገዛ፣ ግማሽ ሚሊሜትር በማይሞላ ቆርቆሮ ስር የሚበራ ማሞቂያ የሚያሞቀው የፀዳን ሰማይ ነው። ኃይሉ ቢበዛም ቤቱ መያዝ አለበት። እየያዘም መተንፈስ።

ይህን አንብባችሁ የእናት የአባታችሁን ቤት ልትጠግኑ ካሰባችሁ፣ የእኔን ቅደም ተከተል ሳይሆን ይህን ያዙ። መጀመሪያ በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚነድ፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። እሳቱን አስወጡ፤ ወይም ጭሱ የሚወጣበትን አብጁ። ከዚያ ጣሪያ። ከዚያ ግድግዳ፤ በጭቃ ቤት ላይ በጭቃ። ክፍተት መድፈን መጨረሻ ይሁን፤ ሲሆንም በልክ ክፍት የሚቀረውን ቀድማችሁ ምረጡ። ቤቱን የሠራ ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን ጠይቁ፣ ሲመልስም ስሙት።

ባለፈው ጥር እዚያ አድሬ ነበር። ሌሊት ነቃሁ። ጣሪያው አያንጠባጥብም። ልጅቷ በመካከላችን ተኝታለች፤ አሁን ረዝማለች፣ መደቡን ትይዘዋለች። በጨለማው እጄን ዘርግቼ በራስጌዬ በኩል ያለውን የታችኛውን ቀዳዳ ዳሰስኩ። ቀጭን ቀዝቃዛ አየር ጣቴን ነካው። የተኛች የመሰለችኝ እናቴ ከወዲያ ጥግ ተናገረች።

«ይገባል?»

«ይገባል፣ እማዬ።»

«እንግዲያ ተኚ።»